ላብ ያመጣው ብርድ

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በረዶ የምንጠርግ ሰዎችን በደንብ የሚጎዳን አካፋ ይዘን ስንሯሯጥ አይደለም። ሥራው ጋብ ሲል ነው። ሰውነት ያልበዋል፣ ልብሱ ይረጥባል፣ ከዚያ ቆም ሲባል ብርዱ ይገባል።

ከአዲስ አበባ መጥቶ የመጀመሪያ ክረምቱን አብሮን የሠራ አንድ ልጅ ላይ ይህን አይቻለሁ። ያን ቀን ማለዳ ዜሮ ፋራናይት ነበር፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 ገደማ። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ከዜሮ በታች 28 ያህል ሆኖ ይሰማል። እንዲህ ባለ ቀን ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል።

ልጁ ለባብሶ ነው የመጣው። ቲሸርት በቲሸርት ላይ፣ ሁዲ፣ ጂንስ፣ ከላይ ወፍራም ጃኬት። ሁለት ካልሲ ደርቦ እግሩን ቦት ውስጥ ጠቅጥቆታል። ከጃኬቱ በቀር ሁሉም ጥጥ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆነ የፓርኪንጉን ግማሽ ብቻውን ጠረገው። ከዚያ በረዶ የሚያቀልጥ ጨው የሚበትነውን መኪና ቆመን ስንጠብቅ ዝም አለ።

«እግርህ እንዴት ነው?» አልኩት።

«አሁንማ ተሻለኝ ጋሼ፤ ማመሙን ትቷል።»

ደነገጥኩ። ብርድ ያመመው እግር ሳይሞቅ ሕመሙ ከጠፋ ደንዝዟል ማለት ነው። ሕንፃው ውስጥ አስገብቼ ቦቱን ሳስወልቀው ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ሊያሻቸው ሲል እጁን ያዝኩት፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። ማሞቂያው ላይ መደገፍም አይሆንም፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነከርንለትና ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉዳቱ ከላይ ከላይ ነበር። ቆዳው ተላጠና ዳነ።

እኛ ጋቢ ለብሰን ያደግን ሰዎች ጥጥ እናምናለን። ደረቅ ጋቢ በእርግጥም ያሞቃል። ላብ የጠጣ ጥጥ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። ለአዲስ ሠራተኛ አካፋና አንጸባራቂ ሰደርያ የሚሰጡ አለቆች ይህን አለመንገራቸው በጣም ያናድደኛል።

ልጁ አሁን ከሥር የሱፍ ወይም የፖሊስተር ስስ ልብስ፣ መሀል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይለብሳል። ካልሲው አንድ ወፍራም ሱፍ ነው፤ ቦቱ ውስጥ ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ቦት ሲጠብ ደም እንደልቡ አይዘዋወርም፣ ካልሲ መደረቡ የጎዳውም ለዚህ ነው። ጣት የማይለያይ ጓንት ገዝቷል፤ ጣቶች አንድ ላይ ሲሆኑ ይሟሟቃሉ። ሥራ ሲጀምር ትንሽ እየበረደው ነው፤ ሲሞቀው ሳያልበው ዚፑን ይከፍታል። መኪናው ውስጥ ደረቅ ካልሲ አይጠፋም።

ዘንድሮ ለምትጀምሩ፦ ገንዘብ ካጠረ ከውድ ጃኬት በፊት የውስጥ ልብሱንና ካልሲውን ግዙ። የሱፍ ሹራብ ሁለተኛ እጅ ልብስ ቤት በርካሽ ይገኛል።