የቁልፉ ድምፅ

ዛሬ ከአንድ አጭር ልቦለድ ጋር ስታገል ዋልኩ። ባል ይጠጣል፣ ሚስት ትጠብቃለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ጩኸትና የተሰበረ ብርጭቆ ነበር። አነበብኩት፣ ሰለቸኝ፣ አጠፋሁት። ከዚያ ሚስትየዋን ጨለማ ውስጥ አስተኛኋት። የምታዳምጠው ቁልፉን ነው። ቀዳዳውን በአንዴ ካገኘው ደህና አምሽቷል። ሁለት ሦስቴ ብረቱን ከፋቀ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ትመስላለች። ጠዋት አለቃው ጋ ደውላ «ትንሽ አሞት ነው» ትላለች። ድምፅዋ እንኳ አይንቀጠቀጥም፤ ለምዳዋለች። እኔን ከጩኸቱ በላይ ያመመኝ ይህ ውሸት ነው።

መጨረሻው ላይ ግን ተሸወድኩ። ባልየው ማታ ጠርሙሱን ደፍቶ ጠዋት ሌላ ሰው ሆኖ ይነሳል። ነርስ ጓደኛዬ አንብባ ሳቀችብኝ። «ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። አንዳንዱ በ48 ሰዓት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ወኔ ብቻ አይበቃም» አለች። (ወኔ ቢበቃማ ስንቱ በተገላገለ!) ደግሞ «ሚስቱስ?» ብላ ጠየቀችኝ። የጠጪ ቤተሰቦች የሚረዳዱበት አል-አኖን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲመሠረት፣ ከመሥራቾቹ አንዷ ሎይስ ዊልሰን ራሷ ከሚጠጣ ባል ጋር ለዓመታት የኖረች ነበረች።

መጨረሻውን አጠፋሁት። አሁን ታሪኩ የሚቆመው ጠዋት ላይ ነው። ስልኩን ይዛለች። አለቃው «ሃሎ?» ይላል። እሷ ዝም ብላለች።