ክፍት የቀረ ትከሻ

ሰሞኑን ማታ ማታ ሰው እየሳልኩ አመሻለሁ። በብዕር ጥቂት መስመር አሰምርና ቀለሙን በውሃ አቅጥኜ ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በብሩሽ እነካለሁ። ብርሃን የሚባል ነገር አይሳልም። ብርሃኑ ያልተነካው ወረቀት ነው።

ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። የኔ እጅ ግን መዝጋት ይወዳል። ልጅ ሆኜ ስሞነጫጭር የምገለብጠው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበር። እዚያ ጥቁሩ መስመር ፊቱንም ጣቱንም የልብሱን እጥፋትም ዙሪያውን ይይዛል፤ ቀለሙ በመሃል ይሞላል። ለኔ እስከዛሬ ከዚያ የሚበልጥ መስመር የለም። ግን ብሩሽ ሳነሳ ልማዱ አይለቀኝም። ክፍት የቀረ ትከሻ ሳይ እጄን ይበላኛል።

ስለዚህ የሆላንዱን ሠዓሊ ሬምብራንትን እገለብጣለሁ። በ1654 ገደማ የሳላት አንዲት የተኛች ወጣት አለች፤ ያለችው ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው። በዚህች ሥዕል ላይ ብዕር የለም፣ ሁሉም ብሩሽና ቡኒ ቀለም ነው። አብራው ትኖር የነበረችው ሄንድሪክየ ስቶፈልስ ሳትሆን አትቀርም ይባላል። እኔ የምፈዘው ልብሷ ላይ ነው። ብሩሹ ቀለም እያለቀበት ሲሄድ ጭረቱ ይሻክራል፣ የወረቀቱ ነጭ በመሃል ብቅ ብቅ ይላል። ጨርቅ የሚያስመስለው እሱ ነው። ስስ ቀለም ደግሞ ጣጣው፣ በደንብ ሳይደርቅ ተመልሰው ከነኩት ይጨቀያል። አንዴ ነክቶ እጅን መሰብሰብ ነው። (በዚያ ዘመን አንዱ ቡኒ ቀለም ከእንጨት ጥላሸት ይሠራ ነበር። የኛም ብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለማቸው ከጥላሸት ነው። ይኼን ሳውቅ ሰውዬው ትንሽ ቀረበኝ።)

ይበልጥ የገረመኝ እሱም ገልባጭ መሆኑ ነው። ከ1656 እስከ 1661 ባሉት ዓመታት ገደማ፣ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ አምስተርዳም ቁጭ ብሎ ህንድን ይገዙ የነበሩትን የሞጉል ነገሥታት ሥዕል ይገለብጥ ነበር። ከ20 በላይ የሚሆኑት ዛሬም አሉ። ከመካከላቸው ከነገሥታቱ አንዱ፣ ሻህ ጃሃን የተሳለበት አለ። የሞጉሎቹ መስመር እንደኛው ጥንቁቅና ዝግ ነው። እንደልቡ የሚጭረው ሬምብራንትም እዚህ ላይ ከወትሮው ቀጠን፣ ጠንቀቅ ይላል። እሱ ከክፍቱ ወደ ዝጉ፣ እኔ ከዝጉ ወደ ክፍቱ። መንገድ ላይ የተላለፍን ይመስለኛል።

ትናንት ወንድሜ ሶፋ ላይ ስልኩን እንደያዘ እንቅልፍ ጣለው። ወዲያው ብሩሼን አነሳሁ። አንገቱ ሥር አንድ ጥቁር ጥላ፣ ጉልበቱ ላይ አንድ ደረቅ ጭረት፤ መብራት ያረፈበትን ክንዱን ሳልነካ ተውኩት። እማዬ መጥታ ከላይ አየችው።

«ክንዱስ የታለ?»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ብርሃን ነው።»

«ብርሃን ክንድ ይበላል እንዴ?» ብላ ሄደች። ብዕሩን አንስቼ ልዘጋው ነበር፤ ተውኩት። ለነገሩ የተኛ ሰው ታጋሽ ነው። በሚቀጥለው እሷን ቆማ ስታወራ ልሞክራት ነው፤ እጆቿ አንድ ቦታ አያርፉም።