መች ጠየቅከኝ፣ ልጄ?

መቻል የተባለው ውሻ ግራ ጆሮ ተጨማዶ የቀረው በእኔ እጅ ነው። ከዚህ የምጀምረው ታሪኩ በሌላ ሰው አፍ ሲነገር ስለሰማሁ ነው። በዚያ አነጋገር ውሻው በመጀመሪያው ቀን ታክሞ በመጀመሪያው ቀን ድኗል። አልዳነም። ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ ሁለቱን ጊዜ በቅጡ ሳላየው የሸኘሁት እኔ ነኝ።

ሐምሌ ነበር። በጅማ ክረምት የእንስሳት ክሊኒካችን የሚጨናነቀው በከብት ነው፤ የሚያስል ጥጃ፣ በገንዲ በሽታ የከሳ በሬ፣ ጀርባዋ የቆሰለ በቅሎ። ውሻ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣም ከወረፋው መጨረሻ ይቆማል። እማማ ግን ከአዌቱ ወንዝ ማዶ በዝናብ በእግራቸው መጡ፣ መቻልን በገመድ እየሳቡ። ቡና አፍልተው በመሸጥ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ስማቸው ይቆየኝና እማማ ብዬ ነው የምጠራቸው። ውሻው ቡናማ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ 18 ኪሎ። አንድ ቦታ መቆም አልቻለም። ጭንቅላቱን ያራግፋል፤ ቁጢጥ ብሎ በኋላ እግሩ ጆሮውን ይቧጥጣል፤ እየቧጠጠም ያቃስታል።

ከእኔ በላይ የነበረው ሐኪም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «የውሻ ጆሮ ነው፤ ጠብታ ስጥና ሸኝ» አለኝ። ሰጠሁ። ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ጠብታውን ቀየርኩ። በዚያን ቀን ነው እማማ፣ «ልጄ፣ ከጆሮው የሚወጣው የቡና አተላ ነው» ያሉኝ። ውለው የሚያድሩት ከቡና ጋር ስለሆነ ነገሩን ሁሉ በቡና የሚመስሉ መሰለኝ። «አዎ እማማ፣ ቆሻሻ ነው፤ ይጠራል» ብዬ መለስኩላቸው።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው። የጆሮ ተባይ ያለበት ውሻ ጆሮ ምን እንደሚመስል መማሪያ መጽሐፎቻችን የሚገልጹት በዚሁ ቃል ነው፤ ደቃቅ፣ ጥቁር ቡናማ፣ የቡና አተላ የሚመስል። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ጅማ ተቀምጬ፣ ዕድሜያቸውን ከጀበና ሥር ከፈጁ ሴት አፍ ስሰማው ግን አላወቅሁትም።

በሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ የመቻል ግራ ጆሮ አብጦ ትራስ መስሏል። ውሻ ጭንቅላቱን አብዝቶ ሲያራግፍና ጆሮውን ሲቧጥጥ በጆሮው ቅጠል ውስጥ ያሉት ትንንሽ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደሙም በቆዳውና በልም አጥንቱ መካከል ይጠራቀማል። እማማ ስለ እብጠቱ አንድ ቃል አልተናገሩም። የቀኙን ጆሮ ገልብጠው ሌባ ጣታቸውን አስገቡና የወጣውን በመዳፌ ላይ አበሱት።

«እሸው» አሉኝ።

አሸሁት።

«ቅባት አለው?»

«የለውም።»

«አሽትተው። እንደ እርሾ ይሸታል?»

«አይሸትም።»

«እንግዲህ አተላ ስልህ ለጨዋታ አይደለም። ቡናውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ በሽታውን የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ የድርሻዬን ነገርኩህ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጃቸውን እንደሚመክሩ ሆነው ነው የተናገሩት። ከስድብ ሁሉ የከበደኝም ለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት የሠሩት እኔ በመጀመሪያው ቀን ልሠራው የሚገባኝን ነው። ፈንገስ የያዘው ጆሮ የሚያወጣው ቡናማና ቅባታም ነው፤ ሽታውም ኮምጠጥ ይላል። ባክቴሪያ ሲሆን ቢጫ መግል ይመጣል፤ ሽታው ይከረፋል። ደረቅና ፍርፍር የሚል ጥቁር ነገር ግን በቅድሚያ ተባይ ነው የሚያስጠረጥረው። መለየት የሚጠይቀው ጣትና አፍንጫ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የአሥር ደቂቃ ነው። በጥጥ የወጣውን በመስታወቱ ላይ ዘይት ጠብ አድርጌ ዘረጋሁትና በማይክሮስኮፕ አየሁት። ነጫጭ፣ ስምንት እግር ያላቸው ተባዮች ይርመሰመሳሉ። ስማቸው ኦቶዴክተስ ሳይኖቲስ ይባላል። እማማንም ጠርቼ አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው፣ «ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው እኔን ሲጠብቀኝ ያደረው?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ለተባዩ መድኃኒቱ ያው ለከብት የምንወጋው አይቨርሜክቲን ነው፤ ግን ለአንድ ከብት የሚወጋውን ያህል ለውሻ የሚሰጥ ሰው ውሻውን ሊገድለው ይችላል። 1 በመቶ ከሆነው መድኃኒት 18 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚያስፈልገው ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ አይሞላም። እንደ ኮሊ ያሉ አንዳንድ የውጭ ዝርያዎችማ በተፈጥሯቸው ስለማይችሉት መጠየቅ ግዴታ ነው። መቻልን ወጋሁት፤ ያበጠውን ጆሮ ሰንጥቄ ደሙን አወጣሁና ሰፋሁት። ስለዘገየሁ ግን ልም አጥንቱ መጨማደድ ጀምሮ ነበር።

በ14ኛው ቀን ስፌቱን ለመፍታትና ሁለተኛውን መርፌ ለመውጋት ቤታቸው ሄድኩ። የጆሮ ተባይ ከእንቁላል ተነሥቶ እንቁላል ጣይ እስኪሆን ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት አንድ ጊዜ ወግቶ መተው አያዋጣም። ቡና ተፈልቷል፤ በርጩማ ቀረበልኝ። መቻል ከደጃፉ ተኝቷል፤ ሆዱ ሥር ደግሞ ግራጫ ድመት ተጠቅልላለች። አየኋት። ብድግ አለች፣ ጭንቅላቷን አራገፈች፣ ጆሮዋን በኋላ እግሯ ቧጠጠች፣ ተመልሳም ተኛች።

«እማማ፣ ይህች ድመት የማን ናት?»

«የእኔ ናት እንጂ የማን ትሆናለች? ከእሱ ጋር ነው የምታድረው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ስኒውን ሊሰጡኝ የዘረጉትን እጅ መልሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡት።

«መች ጠየቅከኝ፣ ልጄ?»

ይህ ተባይ በአብዛኛው የሚታወቀው በድመት ነው። ከድመት ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ድመት በመነካካት ይተላለፋል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለው ውሻና ድመት ሁሉ አብሮ ካልታከመ ማሳከኩ ዞሮ ይመለሳል። ድመቷንም መዝኜ በልኳ ሰጠኋት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ደገምኩላት። በመስከረም ማሳከኩ ከሁለቱም ላይ ጠፋ።

አጠባቡንም ያን ጊዜ ነው ያሳየኋቸው፤ ይህም በመጀመሪያው ቀን የሚደረግ ነበር። የውሻ ጆሮ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርድና ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ በኩክ መጥረጊያ የሚጎረጉር ሰው ቆሻሻውን ወደ ታንቡሩ ይገፋዋል። የጆሮ ማጠቢያውን ለብ አድርጎ ማፍሰስ፣ ከጆሮው ሥር ያለውን ለስላሳ ቦታ ጩቅ ጩቅ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ማሸት፣ ከዚያ መልቀቅ ነው። ውሻው ራሱ አራግፎ ያወጣዋል፤ የወጣውን በጣት ላይ በተጠቀለለ ጥጥ መጥረግ ብቻ ይቀራል። ታንቡሩ መቀደድ አለመቀደዱ ሳይታይ ግን ማጠቢያም ጠብታም አይገባም፤ አንዳንዱ መድኃኒት ወደ ውስጥ ካለፈ ያደነቁራል። አረቄም አልኮልም የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የቆሰለ ጆሮ ላይ እሳት ነው። በክረምት ደግሞ ውሻው በጎርፍ ሲንቦራጨቅ ከዋለ ወይም ከታጠበ የጆሮውን ውስጥ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበት የፈንገስ ቤት ነው።

ያ ሐኪም ዛሬ ይህን ታሪክ ለአዳዲስ ሠራተኞች ያስተምርበታል። እማማ በእሱ ትረካ ውስጥ የሉም፤ የተባዩን ዓይነት ከበር ላይ ሆኖ ያወቀው እሱ ነው። ሲናገር ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም በማለቴ እቆጫለሁ፤ የጻፍኩትም ለዚሁ ነው። አተላውን ያወቁት እማማ ናቸው።

እኔ ግን ከዚያ በኋላ ስለ ድመት የማልጠይቀው ሰው አልነበረም። በጥር ወር አንድ ባለ ሆቴል ጆሮ ረጅም ውሻውን ይዞ መጣ። ማሳከኩ ከሜዳ ሲመለስ በድንገት የጀመረ ነው፤ ያውም በአንድ ጆሮ ብቻ። «ድመት አላችሁ?» ስለው «ሁለት አሉን» አለኝ፤ ልቤ ወዲያው ተባይ ላይ ዐረፈ። ሦስቱንም ወጋኋቸው። በአራተኛው ቀን ውሻው አንገቱን አጋድሎ ተመለሰ። ለልምምድ የመጣች ተማሪ የጆሮ መመልከቻውን ከእጄ ተቀብላ ብዙ ካየች በኋላ፣ «እዚህ ታንቡሩ አጠገብ የሣር ፍሬ አለ» አለችኝ። በመቆንጠጫ አወጣነው፤ ጫፉ እንደ መርፌ ነው። በድንገት የሚጀምርና በአንድ ጆሮ ብቻ የሚያሳክክ ሲሆን ባዕድ ነገር መፈለግ እንደሚቀድም እኔም አውቅ ነበር። ተማሪዋ ጠየቀችኝ፣ «ድመቶቹን ለምን ወጋሃቸው?» የመቻልን ታሪክ ነገርኳት። አዳምጣ ስትጨርስ፣ «ይህኛው እኮ መቻል አይደለም» አለች።

ሐሙስ ሐሙስ ወደ ሂርማታ ገበያ ስወርድ በእማማ ደጃፍ አልፋለሁ። ቡና ሳልጠጣ አልሄድም። ድመቷን አንሥቼ ጆሮዋን አያለሁ፤ ንጹሕ ነው። መቻልም ይመጣና ራሱን ጉልበቴ ላይ ያስቀምጣል፤ የቀኝ ጆሮውን ገልብጬ አሸትተዋለሁ። ግራውን ግን እጄ ሲቃረብ ፊቱን ያዞራል። እስከ አሁን አያስነካኝም።