ሥራ ውሎ ማታ ለሚማር ሰው የቴሌግራም ኮርስ ማዘጋጀት

ቀን ሥራ ውሎ ማታ ልጆቹን አስተኝቶ ስልኩን የሚከፍት ሰው ኮርስ የሚያቋርጠው ሰንፎ አይደለም። «ይሄ ነገ ቢሮ ስገባ ምን ይሠራልኛል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ድምፁን አጥፍቶ ይወጣል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከርዕሶች ዝርዝር ሳይሆን ተማሪው በመጨረሻ በገዛ እጁ ከሚሠራው አንድ ሥራ መጀመር አለበት። የማነሳው ምሳሌ በኤክሴል ፔይሮል (የሠራተኞች ደመወዝ መክፈያ ሰንጠረዥ) ማዘጋጀት ነው፤ ተማሪዎቹ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኞችና የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ናቸው።

በመጀመሪያው ቀን የሜኑ ስም አያስተምሩ። አምስት ሠራተኞች ያሉበትና አንድ ስህተት የተደበቀበት ፔይሮል ይላኩና «የማን ደመወዝ ነው የተሳሳተው?» ይበሉ። አዋቂ ሰው ባዶ ዕቃ ሆኖ አይመጣም፤ በእጅ ሒሳብ ብዙ ዓመት የሠራ ሊኖር ይችላል። ስህተቱን ሲያገኝ የሚያውቀው ነገር እንደሚቆጠርለት ያያል፤ ካላገኘው ደግሞ ለምን እንደሚማር ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የጥያቄ አወጣጥ ነው። ይህን እንይ፦ አንድ የግል ድርጅት ሠራተኛ መሠረታዊ ደመወዙ 10,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበሉ 2,000 ብር ነው። ከደመወዙ የሚቀነሰው የጡረታ መዋጮ ስንት ነው? ምርጫዎቹ 700፣ 840፣ 1,100 እና 1,800 ናቸው። ትክክሉ 700 ነው፤ የሠራተኛው ድርሻ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ነውና። 840 ያለው አበሉንም ጨምሮ አስልቷል። 1,100 ያለው የአሠሪውን 11 በመቶ ወስዷል። 1,800 ያለው ደግሞ ሁለቱን ድርሻ ደምሮ ከሠራተኛው ላይ ቆርጧል። እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ አንድ የታወቀ ስህተት ስለያዘ፣ ውጤቱን ሲያዩ ነገ በየትኛው ላይ የድምፅ መልእክት እንደሚልኩ ወዲያው ያውቃሉ። ምርጫዎቹ እንዲሁ የተጣሉ ቁጥሮች ቢሆኑ ግን የሚያውቁት ሰዎች መሳሳታቸውን ብቻ ነው።

የቴሌግራም ኩዊዝ፣ ማለትም አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው የምርጫ ጥያቄ መላኪያ፣ ለዚህ ይበቃል። መልስ አንዴ ከተሰጠ አይቀየርም፤ ማብራሪያው 200 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። የመላሾችን ስም የሚደብቀውን ቅንብር አያጥፉት። የሥራ ባልደረባዋ ወይም አለቃዋ ያለበት ግሩፕ ውስጥ ያለች ገንዘብ ያዥ ከምትሳሳት ዝም ማለትን ትመርጣለች፤ ዝም ካለች ደግሞ የት እንደተቸገረች አይታወቅም። ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይረው ከሳምንት በኋላ መልሰው ይላኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት ደጋግሞ ማንበብ የሚያሸንፈው ከደቂቃዎች በኋላ ሲፈተኑ ነው፤ ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሱት ግን ራሳቸውን እየፈተኑ ያጠኑት ናቸው።

ቪዲዮው አጭር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2014 በኤድኤክስ (የኢንተርኔት ኮርሶች መድረክ) ላይ 6.9 ሚሊዮን ዕይታዎችን የመረመረ ጥናት፣ ቪዲዮው ቢረዝምም የተመልካቹ የተለመደ ቆይታ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አሳይቷል። እኛ ጋ የዳታ ዋጋም አለ። በ480ፒ ጥራት፣ በሰከንድ 400 ኪሎቢት የተቀዳ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ 15 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በ2 ሜጋቢት የተቀዳ የ20 ደቂቃ ቪዲዮ ግን 300 ሜጋባይት ይሆናል። ሲቀዱ ኤክሴሉን ወደ 160 በመቶ ያሳድጉት፤ በአንድ ጊዜ ከስድስት ዓምድ በላይ አያሳዩ። በስልክ የሚያየው ሰው ቀመሩን ማንበብ ካልቻለ ድምፁ ምንም ያህል ቢጠራ አይረዳውም።

አንድ ነገር ብዙ አዘጋጆች ይዘነጉታል፦ ብዙ ተማሪ ቪዲዮውን በስልክ ቤቱ ያያል፣ የሚለማመደው ግን በቢሮ ኮምፒውተር ነው። መልመጃው በምሳ ሰዓት በ15 ደቂቃ ካላለቀ አይሠራም። የቢሮው ኤክሴልም አሮጌ ሊሆን ይችላል። ከሰንጠረዥ ውስጥ ዋጋ ፈልጎ የሚያመጣው ኤክስሉክአፕ (XLOOKUP) የተባለው ቀመር በ2016 እና በ2019 ስሪቶች የለም፤ ተማሪው ቀመሩን ሲጽፍ የ«ኔም» (#NAME?) ስህተት ይመጣበትና ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። በአሮጌውም የሚሠሩትን ቪሉክአፕን (VLOOKUP) ወይም ኢንዴክስና ማችን (INDEX እና MATCH) ያስተምሩ።

የግብር መጣኔ ከዋናው ቪዲዮ ውጭ ይሁን። በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ሲያድግ፣ አሮጌው ሰንጠረዥ የገባበት ትምህርት ሁሉ እንደገና መቀዳት ነበረበት። ቀመሩን የሚያስረዳው ቪዲዮ ቁጥር አይጥራ፤ መጣኔዎቹን በተለየ ሺት አስቀምጠው በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያሳዩ። ሕግ ሲቀየር ያቺን ብቻ ይቀይራሉ። ተማሪውም 7 በመቶን ቀመር ውስጥ መጻፍ ለምን እንደማይበጅ ከአሠራርዎ ይማራል።

በሳምንት ሦስት ትምህርት ይበቃል፤ ማታ 2:30 ላይ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። ከወሩ 25 ጀምሮ አዲስ ነገር አይላኩ፤ የሒሳብ ሰው ያኔ ራሱ ደመወዝ እየሠራ ነው።

እርማት ላይ ደግሞ አስተማሪው እንዳይደክም ያስፈልጋል። የ40 ሰው ፋይል ለእያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢሰጥ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ ይህን በየሳምንቱ የሚችል ጥቂት ነው፤ እርማት ሲዘገይ ደግሞ ተማሪው ማስገባቱን ይተዋል። ፋይሎቹን በፍጥነት ከፍተው የተደጋገሙትን ሦስት ስህተቶች ይልቀሙና በሁለት ቀን ውስጥ ለሁሉም አንድ የ3 ደቂቃ ድምፅ ይላኩ። ለብቻ የሚጻፍለት በእነዚያ ሦስት ውስጥ ያልተካተተ ችግር ያለበት ብቻ ነው።

ሰርተፊኬት ለተሳትፎ ሳይሆን ለተሠራ ሥራ ይሰጥ፦ ተማሪው የራሱን መሥሪያ ቤት የአንድ ወር ፔይሮል በአዲሱ ሺት ሠርቶ ያስገባል። ከመላኩ በፊት ግን ስሞችን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሮችንና የደመወዝ መጠኖችን እንዲቀይር በመመሪያው መጀመሪያ ላይ በደማቁ ይጻፍ፤ የሰው ደመወዝ ግሩፕ ላይ አንዴ ከወጣ አይመለስም።