43ኛው ከረጢት

አምስት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ቤተ ሙከራ፣ ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ዋሻ ተቆፍረው የመጡ የእንስሳት አጥንቶች እየተመረመሩ ነበር። 43ኛው ከረጢት ተከፈተ። እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ከረጢቶች በአንዱም ከሁለት በላይ የስለት ምልክት አልተገኘም፤ እዚህ ግን በአንድ የሚዳቋ ቅልጥም ላይ ብቻ 11 ጭረት ተቆጠረ።

ወጣቷ መዝጋቢ ደስ አላት። «ጋሼ፣ የጥንት ሰዎች እዚህ ጋ ነው የበለቱት ማለት ነው?»

አንጋፋው ባለሙያ የጠረጴዛውን መብራት ዝቅ አድርገው ከጎን አበሩበት። «ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ቀለሙን እንይ» አሏት።

ጭረት ከላይ በሚወርድ ብርሃን አይመረመርም። ብርሃኑ በአጥንቱ ገጽ ላይ ተኝቶ ሲመጣ ግን ጭረቱ ጥላ ይጥላል፤ ያኔ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽርም ቅርጹን ያሳያል። የድንጋይ ስለት የቆረጠው ጠባብ ሆኖ ወደ ታች ይሾላል፤ የድንጋይ ጠርዝ እንደ ብረት ልሙጥ ስላልሆነ ግድግዳው ላይ በርዝመቱ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል። የጅብ ጥርስ ያረሰው ሰፋ ይላል፣ ታቹም ይከብባል። ጃርት የጋጠው ጎን ለጎን የተደረደሩ ሰፋፊ ቦዮች ነው፤ ጃርት ጥርሱን የሚሞርድበትን አጥንት ወደ ዋሻ እያጋዘ ያከማቻል። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ዋሻ ስሙ ፖርክ ኤፒክ ነው፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። የዋሻ አጥንት የሚመረምር ሰው ይህን እንስሳ ባይረሳው ጥሩ ነው። መሬት ላይ ሳለ የተረገጠ አጥንት ደግሞ ጥልቀት የሌላቸው፣ አቅጣጫቸው የተዘበራረቀ ብዙ ጭረቶች ይኖሩታል።

የ43ኛው ከረጢት ጭረቶች ከአንዱም ጋር አልገጠሙም። አጥንቱ የሻይ ቀለም ይዟል፤ የጭረቱ ውስጥ ግን ነጭ ነው። የጥንት ጭረት ከአጥንቱ ጋር አብሮ ይጠይማል፣ ብዙ ጊዜም ደለል ይሞላዋል። ከሁሉም በላይ ያጋለጠው ሌላ ነገር ነው። መስመሮቹ አጥንቱ ላይ የተጋገረውን የኖራ ቅርፊት አቋርጠው አልፈዋል። ቅርፊቱ የተጋገረው አጥንቱ ከተቀበረ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ቅርፊቱን የቧጠጠው እጅ ሥጋውን የበለተው እጅ ሊሆን አይችልም። ከመስመሮቹ ሁለቱ እንዲያውም በስባሪው ጠርዝ ዞረው ወደ መቅኒው ጎድጓዳ ገብተዋል፤ እዚያ የሚቆረጥ ሥጋም ጅማትም የለም።

ያጠበው ልጅ ሲጠየቅ አልደበቀም። ቅርፊቱ በጥርስ ብሩሽ አልለቅ ሲለው የሽቦ ብሩሽ አነሣ።

ልጁ ቸኩሎ እንጂ ሰንፎ አልነበረም። በኖራ ድንጋይ ዋሻ ውስጥ የሚንጠባጠበው ውኃ ኖራ አዝሎ ስለሚወርድ ደለሉን ከነአጥንቱ እንደ ሲሚንቶ ያያይዘዋል። እንዲህ ያለው ቅርፊት ሲያጋጥም በውኃ አርሶ፣ በለስላሳ ብሩሽና በቀርከሃ ስንጥር፣ በመነጽር እያዩ መቀነስ ነው፤ እምቢ ካለ እንዳለ ይተዋል። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ መጨመር ፈጽሞ አይገባም፤ አሲድ ኖራውን ሲበላ የአጥንቱን ማዕድንም አብሮ ይበላል። በአሲድ ማጽዳት የሚችለው መጠኑን የሚያውቅና አጥንቱን ከአሲዱ የሚጠብቀውን ውህድ የሚጨምር ባለሙያ ብቻ ነው። ለዕድሜ ምርመራ የታሰበ አጥንትና ስለቱ ላይ የሥጋ ወይም የዕፅዋት ቅሪት የሚፈለግበት ድንጋይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አይታጠብም፤ ተለይቶ ይቀመጣል።

የታጠበው የሚደርቀው በወንፊት ላይ፣ በጥላ ነው። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ከተሰጣ ውጩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚኮማተር ይሰነጠቃል። በአዲስ አበባ ክረምት ግን ጥላውም እርጥብ ስለሆነ ማድረቁ ቀናት ይፈጃል። ትዕግሥት ያጣ ሰው በላስቲክ ከረጢት ካሸገው ሻጋታ ይወጣበታል፤ መለያ ወረቀቱም ይበሰብሳል። የተቆፈረበት ካሬና የአፈር ንብርብሩ የጠፋበት አጥንት ደግሞ ከሚዳቋነቱ በቀር የሚነግረን ነገር እምብዛም ነው። ስለዚህ መለያው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ በራሱ ትንሽ ላስቲክ ታሽጎ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ፣ ሁለቱም በእርሳስ የተጻፉ።

በዚያው ሳምንት የጥንት ሰዎች ስለት የሠሩባቸው የባልጩቶቹም ከረጢት ተከፈተ፤ ችግሩ የዚያው የአጥንቱ ወንድም ነበር። በርካታ ስንጣሪዎች በአንድ ከረጢት ታጭቀው በመኪና ሲንገጫገጩ እርስ በርስ ተፋጭተው ጠርዛቸው ተቆራርሷል። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ የወጣ መስታወት ነው፤ ትንሽ ግጭት ይበቃዋል። ጥቃቅኖቹ ቁርስራሾች የጥንቱ ሰው ስለቱን ለማደስ የፈለጣቸው ሊመስሉ ይችላሉ። የሚለዩት በገጻቸው ነው፤ አሮጌው ፈዞ ደብዝዟል፣ አዲሱ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። እያንዳንዱ በየራሱ ከረጢት ቢገባ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ።

11ዱ ጭረቶች ከቆጠራው ወጡ። ቅልጥሙ አልተጣለም፤ ሚዳቋነቱና የተገኘበት ንብርብር እንደተጠበቀ፣ «በማጽዳት የተጎዳ» ተብሎ ተመዘገበ። የቀሩት ከረጢቶች ግን በማን፣ በምን ብሩሽ እንደታጠቡ የጻፈ አልነበረም፤ ስለዚህ ከ1ኛው ጀምሮ ሁሉም በጎን መብራት እንደገና ታዩ። መታጠቢያው ገንዳ አጠገብም ቀን፣ የከረጢት ቁጥር፣ ያጠበው ሰውና መሣሪያው የሚጻፍበት ደብተር በሲባጎ ታሰረ።