ፕሬዠር

ትናንት ፕሬዠር ተለካሁ። 150 በ95። ነርሷ የኛ ልጅ ናት። ክንዴ ላይ የጠመጠመችውን ጨርቅ እየፈታች “ጋሼ፣ ጭንቀት አለብዎት እንዴ?” አለችኝ። ከቁጥሩ ይልቅ የደነገጥኩት “ጋሼ” ያለችኝ ጊዜ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው ጋሼ የሆንኩት?

“ኧረ ምንም የለብኝም” አልኳት። የቤት ኪራዩን፣ የወንድሜን ነገር፣ ያን ደብዳቤ ዋጥ አድርጌ። መለኪያ ገዝቼ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ እየለካሁ እንድመዘግብ አዘዘችኝ። ይህን ማስታወሻ የከፈትኩትም ለዚያ ነበር።

ግን ሰንሻይን ጣቢያ ባቡር ስጠብቅ የድሮው የአውስትራሊያ ክሪኬት ተጫዋች ኪት ሚለር ትዝ አለኝ።

ሰውዬው የተወለደው እዚሁ ሰንሻይን ነው፤ እኛ እንጀራና በርበሬ ፍለጋ በምንመላለስበት የሜልበርን ምዕራብ። በኖቬምበር 1919 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በዚያው ወር ኪት እና ሮስ ስሚዝ የሚባሉ ወንድማማቾች ከእንግሊዝ ተነስተው ወደ አውስትራሊያ እየበረሩ ነበር። እነሱ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሕፃኑ ተወለደና ኪት ሮስ ተባለ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ልጁ አድጎ የአውስትራሊያ አየር ኃይል ገባ፣ እንግሊዝ ተላከ፣ በ1945 ሞስኪቶ አበረረ። ሞስኪቶ ያው ቢንቢ ማለት ነው። አካሉ ከእንጨት የተሠራ የጦር አውሮፕላን! እኔ ኤርባስ ላይ እንኳ ቀበቶዬን ሦስቴ ነው የምፈትሸው።

ከጦርነቱ በኋላ ለአውስትራሊያ 55 የቴስት ክሪኬት ግጥሚያ ተጫወተ። ኳሷን በዱላ ይመታል፣ ለመቺው ይወረውራል፣ ሁለቱንም በአንደኛ ደረጃ። ቴስት የሚባለው አምስት ቀን የሚፈጀው ነው። መሐል ላይ ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ ሁሉ በኋላ አቻ ሊለያዩም ይችላሉ። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን ይህን ሲነግሩኝ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ በስተርጅና ስለ ጨዋታ ፕሬዠር፣ ማለትም ስለ ጫናው፣ ሲጠየቅ ምን አለ? ፕሬዠር ማለት ሜሰርሽሚት ቂጥህ ሥር ሲገባ ነው፤ ክሪኬት መጫወት ፕሬዠር አይደለም። ሜሰርሽሚት የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ነው። (ቂጥ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው።)

የተናገረውንም ይኖረው ነበር። በ1948 አውስትራሊያ እንግሊዝ አገር ሳውዝኤንድ ላይ ኤሴክስ የሚባለውን ቡድን ገጥማ በአንድ ቀን 721 ነጥብ አስቆጠረች። ጭፍጨፋ በሉት። የሚለር ተራ ደረሰ፣ ገባ፣ የመጀመሪያዋን ኳስ ሳይመታ አሳለፋት፣ ከኋላው የቆሙትን እንጨቶች መታች፣ ወጣ። ዜሮ። ሆን ብሎ ነው ይባላል፤ ደካማን መደብደብ አሰልቺው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚለው ተረት ለሱ የተተረተ ይመስለኛል። አለቃው ግን የቡድኑ አምበል ብራድማን ነበር። ብራድማን ደግሞ ነጥብ ቆጣሪ ሰው ነው፣ ሳይቆጣ የሚቀር አይመስለኝም።

ይህን ሰው ስወደው ኖሬያለሁ። ስብሰባ ላይ ስንቀጠቀጥ “ሜሰርሽሚት የለም” እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ትናንት ባቡሩ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ቆረቆረኝ።

በ1943 በርንመዝ የምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ነበር የተመደበው። እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር አንድ መጠጥ ቤት ይቀመጣሉ። በሜይ 23፣ እሱ ለንደን ደልች ክሪኬት ሊጫወት ሄዶ ሳለ፣ የጀርመን አውሮፕላኖች በርንመዝን ደበደቡ። ሲመለስ የጠበቀው የጓደኞቹ ሞት ነው። ኳስ ልጫወት ብሎ ሄዶ ተረፈ። እኔ ብሆን ከዚያ በኋላ ዱላውን የምነካው አይመስለኝም። ወይም ከእጄ አላወጣውም ነበር። የቱ እንደሚሆን እንጃ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ብሪዝበን ላይ እንግሊዝን ሲገጥሙ ሜዳው እርጥብ ነበር፤ ኳሷ ነጥራ ሰውነት ላይ ታርፋለች። ሚለር ሲወረውር ፊቱ የቆመው መቺ የእንግሊዙ ቢል ኤድሪች ነው፣ እሱም የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የነበረ። ኳሷ እየመላለሰች ስትደበድበው ሚለርን አሳዘነው። ይህን ሁሉ ዓመት ከጦርነት ተርፎ በክሪኬት ኳስ ይዘረር? አለና የውርወራውን ፍጥነት ቀነሰ። ብራድማን ግን መጥቶ “ጨምር!” አለው።

እዚህ ጋ ነው የጠፋብኝ። ፕሬዠር የማያውቅ ሰው እንዲህ ያስባል? ወይስ ጭንቀቱን ሁሉ ጠቅልሎ ሜሰርሽሚቱ ላይ ጫነና ለጠየቀው ሁሉ “ኧረ ምንም የለብኝም” ይል ነበር?

ይሄ መልስ የት ነው የሰማሁት? እ።

መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም። ዛሬ የመጀመሪያው ቀን ነበር፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ ስድስት አልፏል። ለዚያች ልጅ ምን ልበላት? ከሜሰርሽሚት ጋር ስሟገት አመሸሁ?