የበዓል ጭስና የቤት ወፎች

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ቡናው ሲቆላና እጣኑ ሲጨስ ውሎ፣ ከሁለቱ በቀቀኖቼ አንዱ ላባውን አሳብጦ፣ በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁት። የበረደው መስሎኝ የሽቦ ጎጆውን ወደ ከሰሉ ላስጠጋ ስል ነበር ነገሩ የገባኝ።

ወፍ እንደ እኛ አይተነፍስም። ከሳንባው ሌላ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ አየሩም በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያልፍ ኦክስጅኑን አሟጦ ይወስዳል፣ መርዙንም እንዲሁ። የብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰው ቀድሞ ወፏን ስለሚጥላት ነው። እኛ ደግሞ ያንኑ ጋዝ የሚያወጣ ከሰል ሳሎን አስገብተን፣ መስኮት ዘግተን ሦስተኛውን እንጠጣለን።

ከጭሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የማይታየው ነው። ምግብ እንዳይዝ ቴፍሎን የተቀባ መጥበሻ ባዶውን እሳት ላይ ተረስቶ ከልክ በላይ ሲግል የሚለቀው ጋዝ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በበዓል ግርግር ደግሞ መጥበሻ መርሳት ቀላል ነው።

ስለዚህ ጎጆው አሁን ከዋዜማው ጀምሮ ከማድ ቤት ወደራቀው መኝታ ክፍል ይገባል፣ መስኮቱ በጥቂቱ ይከፈታል፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ይደረጋል። እናቴ ይህን አይታ «ለወፍ ብለህ እጣን ልታስቀርብኝ ነው?» አለችኝ፤ እጣኑ አልቀረም፣ ረከቦቱ ግን በረንዳ ወጣ።

የእንግዳው ጣጣ ሌላ ነው። ልጆች ከሳህናቸው ያገኙትን በሽቦው መሃል ያሾልካሉ፤ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ብዙም አይጎዳም፣ አቮካዶ ግን ለወፍ መርዝ ነው፣ ቸኮሌትና ቡናም እንዲሁ። በሩ በየደቂቃው በሚከፈትበት ቤት ወፍ አውጥቶ «እዩልኝ» ማለትም አይገባም፤ ይህን የምለው እኔው ራሴ አድርጌው፣ ወፏን ከደረጃው ላይ በመከራ ስለያዝኳት ነው።

ወፍ ሕመሙን ስለሚደብቅ፣ ላባው ሲያብጥ ጊዜው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። የእኔው በቀቀን ንጹሕ አየር አግኝቶ ወደ ማታ ዳጉሳውን መቆርጠም ጀመረ፤ እስከዚያ ድረስ ግን የደወልኩለት የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ለበዓል ክፍለ ሀገር ሄዷል። አሁን የሚገኘውን ሐኪም ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀድሜ ደውዬ አረጋግጣለሁ።